የላላው አበባ

መጀመሪያ የላላችው አምስተኛዋ ቅጠል ነበረች። ከዚያ በፊት ላልቶብኝ አያውቅም። ራስን ማመስገን ይሁንብኝና፣ በዚያ ዘመን ንፋስ መውጫ ውስጥ እንደ ፈንታነሽ ኪሮሽ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፈንታነሽ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሐኪም የበሽታቸውን ስም ነግሯቸው፣ ቤታቸው ገብተው በራቸውን ለዘጉ ሰዎች ነው። እኔም ዘግቼ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ድርቁ ካለፈ በኋላ። በቀበሌው የሴቶች ማኅበር አዳራሽ አሥራ አንድ ጀማሪ ሴቶችን አስተምር ነበር። ክር እንደ ልብ አይገኝም። ገበያ ላይ ክር የምትሸጠው እትዬ ዘይነባ ያላትን ትሰጠናለች፤ የጎደለውን ልባሽ ሹራብ ተርትረን እንሞላለን። ለጀማሪ የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዳፍ የሚያህል፣ መሐሉ አበባ የሆነ አራት ማዕዘን። አንዷ ብቻዋን የአልጋ ልብስ የሚሆን ያህል ለመሥራት ዓመት ይፈጅባታል። ስለዚህ እርሻ በወንፈል እንደሚታረሰው እኛም ኪሮሹን ወንፈል አደረግነው። ተራ የደረሳት ሴት ከእያንዳንዷ አራት አራት አበባ ይሠራላታል። ቀጥሎ ደግሞ ለሌላዋ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስድስት ሰንሰለት ትሠሪና ጫፍና ጫፉን አያይዘሽ ቀለበት ታደርጊዋለሽ። ከቀለበቱ ዙሪያ ስምንት ቅጠል ታወጫለሽ። ከዚያ አረንጓዴ ክር ታስገቢና በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እየዞርሽ ትሞያለሽ፤ አንዱን በሦስት ቋሚ፣ ቀጣዩን በስድስት። ቋሚ የምንለው ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥመን የምናወጣውን ረዘም ያለውን ነው። ስድስት የገባበት ማዕዘን ይሆናል። ክብ የነበረው አበባ እዚያ ላይ አራት ማዕዘን ሲሆን ጀማሪዎቹ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ ደስ ስለሚላቸው ነው።

የሥራው ዋና ነገር ግን ኪሮሹን በያዘው በቀኝ እጅ አይደለም። ክሩ የሚጠመጠመው በግራ እጅ ትንሿ ጣት ላይ ነው። እሷ ናት ክሩን ያዝ ለቀቅ የምታደርገው። እሷ ከሰነፈች አበባው ይላላል።

«እትዬ፣ ይቺ ቅጠል እኮ ላልታለች» አለችኝ ስንዱ። ስንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ክሩ የሚጠብቅባት እሷ ናት። እንዲያውም ክሩን በጣም ስለምታጠብቅ አበባዋ እንደ ሳህን ይጎብጥ ነበርና «ላላ አድርጊው እንጂ፣ ክሩ ምን በደለሽ!» እያልኩ እቆጣት ነበር። አሁን እሷ እኔን አረመችኝ። ተናደድኩ። ክሩ አሮጌ ሹራብ ስለሆነ ነው አልኳት።

በማግስቱም ላላ። ከዚያም በኋላ ላላ። እናቴ «ዓይን ነው፤ ሰው ፊት አትሥሪ» አለችኝ። እኔ ግን መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ክሩን በትንሿ ጣቴ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት። እሱም ሲላላብኝ ሦስት ዙር። ከኪሮሽ ሠሪ በቀር እንዲህ ያለ ጅልነት የሚሠራ ያለ አይመስለኝም።

ለበዓል መድረክ የጠረጴዛ ልብስ ታዝዘን ነበር። ጠዋት ተቀመጥኩ፤ ሳልነሳ እኩለ ቀን ሆነ።

ስንዱ ጮኸች። «እትዬ! ጣትሽ!»

አየሁ። ጣቴ ጠቁሯል። ክሩ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ነጩ ክር በደም ርሷል። አላመመኝም። ምንም። የሌላ ሰው ጣት የማይ መሰለኝ። ስንዱ ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። ሲቆረጥም አልተሰማኝም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ በደሙ አይደለም፣ ባለማመሙ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጎልማሳ ነው፤ ቁስሉን አጥቦ አሰረልኝና ትንሽ ጥጥ ቆንጥሮ አሾለ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። በነካሁሽ ቁጥር፣ የነካሁሽን ቦታ በሌላው እጅሽ አሳዪኝ።»

ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ።

«መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኩት።

«ጨርሻለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ፊቱን አየሁ፤ አዘነልኝ። ክርኔን ከውስጥ በኩል ዳሰሰው። እዚያ ጠንካራ ጉንጉን ነገር ነበር፤ «ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው አልናር ነርቭ ነው፣ አብጧል» አለ። ክንዴ ላይ ቋቁቻ ነው ብዬ የተውኩትን ነጣ ያለ ቦታ በጥጡ ነካው። እሱም ደንዝዟል። ከዚያ ስሙን ነገረኝ። የሥጋ ደዌ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አላስታውስም። በሐሳቤ ያየሁት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምጽዋት የሚቀበሉትን፣ ጣት የሌላቸውን ሰዎች ነው። በልጅነቴ ሳንቲም ከሩቅ እወረውርላቸው ነበር። እጄን እንዳይነኩኝ።

እናቴ ስነግራት እንደ ቆመች ቀረች። «በዘራችን የለም» አለች። ደግማ አለችው። በእኛ አገር ይህ በሽታ በዘር ነው የሚሄድ ይባላል፤ አንድ ሰው ታመመ ማለት ቤተ ዘመድ ሁሉ ተጠረጠረ ማለት ነው። እናቴን ያስጨነቃት ይሄው ነው። ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ፣ እህቷ አለች፤ እዚያ ልትሸሽገኝ ጓዜን ማሰር ጀመረች። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መሸሸጉን ከእሷ ይልቅ እኔ ፈልጌው ነበር።

ያዳኑን የንስሐ አባታችን ናቸው። አገራችን ባለው በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ አልቅሳ ስትነግራቸው ሰሟትና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው። ልጂቱን ሐኪም ዘንድ ስደጃት» አሏት። እናቴ ጓዙን ፈታች።

ድሬሰሩ ወደ ሆስፒታል ጻፈልኝ። በእህል ጫኝ ኤንትሬ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የግራ እጄን በነጠላዬ ሸፍኜው ነበር። ሐኪሙ መርምሮኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፤

«መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን ይገድላል። ይህ በሽታ ይድናል። የሞተ ነርቭ ግን አላስነሳም። ያንቺ ገና እየሞተ ነው፤ ስለዚህ እንቸኩላለን።»

«ኪሮሽ እይዛለሁ?» አልኩት። ስለ ሞቴ አልጠየቅኩም፤ ስለ ኪሮሽ ነው የጠየቅኩት።

«አላውቅም» አለኝ። ሳይዋሸኝ በመቅረቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠልቼው ነበር።

ለነርቩ ፕሬድኒሶሎን፣ ለበሽታው ዳፕሶን በየቀኑ፣ ሪፋምፒሲን በወር አንድ ጊዜ። ሪፋምፒሲኑን የዋጥኩ ዕለት ሽንቴ ቀላ። ቀይ። ደሜ ፈሰሰ፣ አለቀልኝ ብዬ ጮህኩ። ነርሷ እየሳቀች መጣችና «መድኃኒቱ ነው ያቀላው፤ ነገ ይጠፋል» አለችኝ። ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እናንተ ግን እወቁት፤ ይቀላል፣ ይጠፋል።

ትንሿ ጣቴና አጠገቧ ያለችው ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀምረው ነበር። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እጄን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ጣቶቼን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በቀኝ እጄ ቀስ እያልኩ አቃናቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ አጠገቧ ያለችው ጣት ጥጡ ሲነካት እንደ ጉንዳን የሚሄድ ነገር ተሰማት፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ከሞላ ጎደል ቀጥ አለች። ትንሿ ግን ከመጀመሪያው አንጓዋ ታጥፋ ቀረች፤ ስሜቷም አልተመለሰም። ሐኪሙ ኪሮሹን ሲፈቅድልኝ ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ ክሩን የምይዘው በሚሰማው በመሐል ጣቴ እንዲሆን፣ አንድ ቅጠል በጨረስኩ ቁጥር ደግሞ እጄን በዓይኔ እንድመረምር። እጄ ያልነገረኝን ዓይኔ ይነግረኛል ማለት ነው። እንደ ማንኛዋም ጀማሪ ስድስት ሰንሰለት ሠርቼ ቀለበት አደረግኩ፤ የመጀመሪያው አበባዬ አስቀያሚ ነበር፣ ነርሷ ግን ወስዳ የመድኃኒት ጠረጴዛዋ ላይ አነጠፈችው።

የቀረኝን መድኃኒት ይዤ አገሬ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አዳራሹ አልሄድኩም። ማንም አልመጣም። ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ወደ ማንም እንደማላስተላልፍ በግልጽ ነግሮኛል፤ እኔ ግን እናቴን እንኳ በተለየ ዋንጫ ነበር የማጠጣት።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ዘይነባ በሩን አንኳኳች። ስከፍትላት አልፋኝ ገብታ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። ከመደብ ላይ የእኔን ዋንጫ አንስታ ውኃ ጠጣች።

«ይህን ሁሉ አቀበት ወጥቼ መጥቼ ውኃ አትሰጪኝም?» አለችኝ። ከዚያ ፌስታል ዘረገፈች። አበባ። አራት ማዕዘን አበባ፣ አልጋው ሞላ።

«ምንድን ነው?»

«ወንፈልሽ ነዋ። በሄድሽበት ሳምንት ተራሽ አልነበረም እንዴ?»

ቆጠርኩት። አርባ አራት ነው። አሥራ አንዱም ሠርተዋል፤ አንዲትም አልቀረችም። ለሦስት ወር ያልወጣኝ ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ።

እንባዬን ጠርጌ አበባዎቹን እየደረደርኩ ሳለ እጄ ቆመ። አራቱ ላልተዋል። አንዱ ቅጠል ጠብቆ፣ ሁለተኛው ላልቶ፣ ሦስተኛው ተንሸዋርሮ። ያን መላላት አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የስንዱ። ልካ ነው። እናቷ አንቺ ዘንድ እንዳትመጣ ከቤት አታስወጣትም።»

የስንዱ። አበባዋ እንደ ሳህን የሚጎብጠው የስንዱ። አራቱን አበባ ይዤ ወጣሁ፤ ነጠላዬን እንኳ የደረብኩት መንገድ ላይ ነው።

እናቷን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ደግሞ ልጄን ልትነኪ መጣሽ?» አሉኝ።

«አልገባም፣ እማማ። እዚሁ ልቁም። ይህን ብቻ ይዩልኝ።» አበባዎቹን ደጃፉ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። የታጠፈች ጣቴንም አሳየኋቸው። «የኔም የጀመረው እንዲህ ነው።»

አላዩም። ፊታቸውን አዞሩ። ከውስጥ ግን የስንዱ ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ ክሩ አይሰማኝም።»

እናቷ በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ። ስንዱ ወጣች። ክሩን ትንሿ ጣቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማው ነበር። ከእኔ ያየችው ነው። ቁጭ አልኩና በጥርሴ በጠስኩት።

ድሬሰሩ ጋ ሦስታችንም ሄድን። እናቷ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ይቺ ናት ያስያዘቻት?» ብለው ጠየቁት። እኔም ለመጠየቅ ፈርቼ እንጂ ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነበር።

«አይደለችም» አላቸው። «ይህ በሽታ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ዓመታት ይፈጃል። ልጅዎ ከፈንታነሽ ጋር ኪሮሽ መማር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። በክርም በኪሮሽም አይተላለፍም። በዘርም አይሄድም። ፈንታነሽ ግን በጊዜ አምጥታታለች።»

ስንዱ ስድስት ወር መድኃኒቷን ዋጠች። ስሜቷ ተመለሰ። አንድም ጣት አልታጠፈባትም።

አሁን ምስጋናዬን ልናገር። ለድሬሰሩ፣ ለሐኪሙ፣ ለሳቂታዋ ነርስ። ለንስሐ አባታችን። በዋንጫዬ ለጠጣችው ለዘይነባ። ከተመረመርኩበት ቀን ጀምሮ ጣቴን አይታ ላልሸሸችኝ ለእናቴ። እናንተ ደግሞ መድኃኒቱን ሳትጨርሱ አታቋርጡ። የደነዘዘ እጃችሁን እሳት አታሙቁት። ቋቁቻ የመሰላችሁን በጥጥ ነክታችሁ ፈትኑት፤ ካልተሰማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አትሸሸጉ። መላላቱን ሸሽጌ ያተረፍኩት የታጠፈች ጣት ነው።

የጎደለውን አበባ ራሴ ጨምሬ የአልጋ ልብሱን ገጣጥሜዋለሁ። አራቱን የላሉ አበባዎች ተርትሬ ላድሳቸው ስል ስንዱ «እንዳትነኪያቸው!» ብላ ተቆጣችኝ። ራስጌ በኩል ናቸው።

አዳራሹ ውስጥ ዛሬ የምታስተምረው እሷ ናት። ለጀማሪዎቿ የመጀመሪያው ትምህርት ሰንሰለት አይደለም። አንድ በአንድ ከፊቷ ታስቀምጣቸውና ዓይናቸውን አስጨፍና፣ ጣታቸውን በጥጥ ትነካቸዋለች።