ከክርክሩ በኋላ የተደወለው ስልክ

ቴሌቪዥን ላይ የፕሬዚዳንት እጩዎች ክርክር ሲኖር አንድ ልማድ አለኝ። ክርክሩ አልቆ ተንታኞቹ ጠረጴዛ ከበው "እገሌ ወጣ፣ እገሌ ወረደ" ማለት ሲጀምሩ ድምፁን አጠፋለሁ። ሰው ሳይነግረኝ በፊት ራሴ መፍረድ እወዳለሁ። ባለፈው ሰሞንም አንድ ፓርቲ እጩዎቹን ደርድሮ ሲያከራክር፣ እዚህ አሜሪካ፣ ጀርመንታውን ከተማ ያለው ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንደኛው የሌላኛውን ንግግር አቋረጠ። "ከአፉ ነጠቀው! ተረታ!" ብዬ ጮህኩ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጄም ካሊፎርኒያ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ የማወራው ለግድግዳው ነው። የገረመኝ ግን መጮሄ ሳይሆን ፍርዱ የራሴ አለመሆኑ ነው። የጋሼ ደምሴ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ወጣት ሳለሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አፓርትመንት አብሬያቸው የተጋራሁ ሰው ናቸው። አብረን ኖርን ለማለት እንኳ ይከብዳል። እሳቸው መሀል ዲሲ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀን ይሠራሉ፤ እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የማታ ሺፍት ነበረኝ። እሳቸው ሲገቡ እኔ እወጣለሁ። እሳቸው ድስት ውስጥ ምስር ይተዉልኛል፤ እኔ ከሆቴሉ የተረፈ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ትውውቃችን በዚሁ ነበር።

የበረዶ ወራት ነበር። ጆርጂያ አቬኑ ዳር የተገፋው በረዶ የመኪና ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። በከተማው ባቡር ቀይ መስመር ወርጄ፣ ወደ ቢጫው ቀይሬ አሌክሳንድሪያ እስክደርስ ድረስ "በሩ ሊዘጋ ነው" ከሚለው የባቡሩ ማስታወቂያ በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። ሥራ ላይም ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ሰው በእጁ ነው የሚግባባው። አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል መንገድ ላይ እስል ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ያን ሰሞንም የፕሬዚዳንት እጩዎች ክርክር ነበረ፤ ምሽቱ ለሁለታችንም ኦፍ፣ የእረፍት ቀን ሆነ። ጋሼ ደምሴ ቱና፣ የቆርቆሮውን ዓሣ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ለውሰው፣ ሎሚ ጨምቀውበት አቀረቡ። ቴሌቪዥኑን ስከፍት እጩዎቹ ቆመዋል።

"ምን እያሉ ነው? እስቲ አስረዳኝ" አሉኝ።

መተርጎም ጀመርኩ። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ግን አስተርጓሚም ይጠፋዋል። ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

"ተወው፣ አትድከም። እኔ ሰዎቹን ልያቸው።"

አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በመሬት የተሟገቱ የጎጃም ሰው ስለነበሩ፣ ጋሼ ሙግት ማየት ያውቁበታል። ፍርዳቸውን እንደ ዳኛ ይሰጡ ጀመር። ቀይ ከረባት ያሰረው የሌላውን ንግግር ሲያቋርጥ "ከአፉ ነጠቀው! ተረታ!" አሉ፤ በእሳቸው ፍርድ ያቋረጠው ነው የሚረታው። ረጅሙ ሲዘለፍ ብርጭቆውን አንስቶ ውሃ ጠጣ። "ይሄ ይረታል። ሲሰድቡት ውሃ የሚጠጣ ሰው ልብ አለው።"

እኔ የወደድኩት አጭሩን ነበር። ጥርሴን እያመመኝ ኢንሹራንስ ስላልነበረኝ ስለ ሕክምና የተናገረው ልቤን ነክቶታል።

"አጭሩ እኮ ጥሩ ተናገረ፣ ጋሼ።"

"መናገርማ ተናገረ። ዓይኑ ግን ሰዓት ላይ ነበር።"

"ሰዓት ተሰጥቶት ምን ያድርግ?"

"እውነት ያለው ሰው ሰዓት አያይም!"

በዚህ ተያያዝን። እነሱ መድረክ ላይ፣ እኛ ሶፋ ላይ። የአንድ ፓርቲ ሰዎች መሆናቸውን ስነግራቸው ጋሼ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። "እንዲህ ተሰዳድበው? ሲጨርሱ ማን ያስታርቃቸዋል?" አሉ። ሲጨርሱ ሁሉም እየሳቁ ሲጨባበጡ ደግሞ "ወይ ጉድ! ሽማግሌም አላስፈለጋቸው" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ወጣት ሴት የሕዝብ አስተያየት ከሚሰበስብ ድርጅት እንደምትደውል ነገረችኝና ክርክሩን አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። "በእርስዎ አስተያየት ማን አሸነፈ?"

አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የስልኩን አፍ በእጄ ይዤ ለጋሼ ነገርኳቸው።

"አስተያየት እየጠየቁ ነው፤ ማን አሸነፈ ይላሉ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ዝጋው" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ሰርቬይ ነው እኮ፣ ጋሼ። ምንም የለውም።"

"ቁጥራችንን ከየት አገኙት? ሁሉም ጎበዞች ናቸው በልና ዝጋው። በለፈለፉ ይጠፉ ሲባል አልሰማህም?"

አልዘጋሁም። አጭሩ ነው ያሸነፈው አልኳት። ለምን አለችኝ፤ ስለ ጥርሴ ሳይቀር ነገርኳት። በሚያምር ድምፅ "እሺ፣ እሺ" እያለች ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ ለመምረጥ ተመዝግቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዜጋ አይደለሁም አልኳት። በትሕትና አመስግና መልሴን ከቆጠራው ውስጥ ማስገባት እንደማትችል ነገረችኝና ተሰናበተችኝ። ዞር ስል ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ጋሼ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል።

ከዚያ ወዲያ ድስቱ ውስጥ ምስር አላገኘሁም። ኦፍ በሆንኩባቸው ቀናት እንኳ "ደክሞኛል" ብለው ይገባሉ። ወር ሳይሞላ፣ አሌክሳንድሪያ ወደምትኖረው የእህታቸው ልጅ ጋ ለመጠጋት መወሰናቸውን ነገሩኝ። ሻንጣቸውን እስከ ታክሲው ተሸከምኩላቸው። "በርታ" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ለፍላፊ ብለው ንቀውኛል ብዬ አመንኩ። ለማይቆጠር መልስ ብዬ ያለኝን አንድ ሰው ማጣቴ አንገበገበኝ።

ዛፎቹ ካበቡ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ላይ ወደ ባቡሩ የሚያደርሰኝን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ጋሼ ደምሴ ዳቦ በብብታቸው ይዘው መጡ። ገና ሳያዩኝ ልሸሽ አሰብኩ። እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ሳቡኝና ግራ ቀኝ አዩ።

"መጡብህ?"

"እነማን?"

"ከስልኩ በኋላ። ቤት የመጣ ሰው አለ?"

"ማንም አልመጣም፣ ጋሼ።"

"ሥራ ቦታስ?"

"ኧረ አልመጡም።"

"ተመስገን" አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። "ወንድሜንም ቀበሌ ስብሰባ ላይ 'አስተያየትህን ስጥ' ነው ያሉት። ሰጠ። ሳይውል ሳያድር መጥተው ወሰዱት። ከዚያች ማታ ጀምሮ አንተን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ካንተ ጋ ልቆይ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን አልቻልኩም።"

"መልሴን እኮ አልቆጠሩትም፣ ጋሼ። ዜጋ ስላልሆንኩ" አልኳቸው።

"እሰይ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "እንኳን አልቆጠሩህ!"

የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲያንገበግበኝ የከረመውን ነገር እሳቸው እንደ ምሥራች ተቀበሉት። አውቶቡሱ መጣ፤ እንገናኛለን ተባባልን። አልተገናኘንም። ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ያን ጊዜ የሳቸውን ፍርሃት የሽማግሌ ፍርሃት ብዬ አልፌው ነበር። አሁን እኔም ሸምግዬ ሳስበው፣ ለካ ፍርሃቱ ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። ከባቡሩ ስወርድ፣ ማሽኖቹ መሀል ስቆም፣ ሰው የለኝም እያልኩ ስብሰከሰክ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስለ እኔ እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው ነበር። ይህን ያወቅሁት ግድግዳ ጥግ ቆሜ፣ አውቶቡስ እስኪመጣ ባለች ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ ዜጋ ነኝ፤ ድምፄም ይቆጠራል። ባለፈው ሰሞን፣ ከክርክሩ ማግስት ስልክ ተደውሎ ማን እንዳሸነፈ ስጠየቅ እየተዝናናሁ መለስኩ፤ ስምም ጠርቼ፣ ምክንያትም ደርድሬ። ስልኩን ስዘጋ "ማን ነበር? ምን አልካቸው?" ያለኝ ሰው አልነበረም።