ለማኅሌት ዳገት የቀለለው ማርሽ

ናስረዲን ሆሳዕና ውስጥ ብስክሌት መጠገን ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሱቁ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወጣው ዳገት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲህ ብስክሌት የሚነዳ ትልቅ ሰው ስለቀነሰ፣ አብዛኞቹ ደንበኞቹ ልጆች ናቸው። ከሞርሲቶና ከጊምቢቹ ድረስ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው የሚያመጡለትም ነበሩ። ማርሽ ለዳገት በማቅለል እሱን የሚያህል የለም ይባል ነበር፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። አሁን ደስ አይለውም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ራሱ ነው።

ማኅሌት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ብርነሽ ዳገቱ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። አባቷ ወልደኪዳን ዱራሜ ባለ መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ ቤቱ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ ሰማያዊ ማውንቴን ብስክሌት ገዝቶላት መጣ፤ ከፊት አንድ ባለጥርስ ክብ፣ ከኋላ ስድስት ማርሽ ያለው። በመጀመሪያው ወር ልጅቷ ዳገቱን ከባጃጅ ጋር እየተሽቀዳደመች ነበር የምትወጣው። በሱቁ በር ስታልፍ ለናስረዲን ደወል ትደውልለታለች፤ እሱም ግሪስ የነካ እጁን ያነሣላታል።

ኅዳር ላይ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች።

«ጋሼ፣ ዳገቱ ከበደኝ። ትንሽ ያቅልሉልኝ።»

ናስረዲን ብስክሌቱን ገልብጦ የፊቱን ጥርስ ቆጠረ። ሠላሳ ስድስት ነው።

«ለልጅ እግር ይሄ ብዙ ነው» አላት። «የፊቱ ሲያንስ፣ የኋላው ሲተልቅ፣ እግርሽ ብዙ ይዞራል እንጂ ጉልበት አትጨርሺም።» ፔዳሉን በእጁ እያዞረ አሳያት። ከአሮጌ ዕቃዎቹ መሐል ሃያ ስምንት ጥርስ ያለው አግኝቶ ገጠመላትና ካቴናውን ትንሽ አሳጠረው። ልጅቷ አመስግናው ወጣች፤ እሱም በር ላይ ቆሞ ዳገቱን እስክትጨርስ በኩራት አያት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግማ መጣች። አሁንም ከብዷታል። ናስረዲን ነገሩ እልህ አስያዘው። ዱራሜ ያለ የሙያ ጓደኛው ዘንድ ደውሎ የኋላ ማርሽ አስመጣ፤ ትልቁ ሠላሳ አራት ጥርስ ያለው። ገጥሞ ሲጨርስ «አሁን ግድግዳ ትወጪበታለሽ» አላት። ማኅሌት ሳቀች፤ ሳቋን ግን ሳል አቋረጠው። ብርድ ነው ብሎ አለፈው።

በዚያው ሳምንት ብርነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ናስረዲን፣ ይህቺ ልጅ ሰንፋለች። በጣም አያቅሉላት፣ ትልመደው።»

«ኧረ ቲቸር፣ የማርሽ ነገር እንጂ ስንፍና አይደለም» አላት። ለልጅቷ የቆመ መስሎት ነበር።

መጋቢት ላይ ማኅሌት ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ናስረዲን ፍሬኑ ጎማውን ይዞት እንደሆነ አየ፤ አልያዘም። የኋላውን ጎማ ሲመታው ብዙ ቆይቶ እስኪቆም ድረስ ያለ ድምፅ ዞረ። የሚቀየር ነገር ሲያጣ ራሱ ሊሞክረው ወጣበት። ጉልበቱ ከመሪው ጋር እየተጋጨ፣ ሰው እየሳቀበት፣ ዳገቱን እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ነዳው።

«ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው» አለኝ። «ጉልበቴን ያመኛል። ግን ሳላለከልክ ወጣሁ። እዚያ ላይ ቆሜ ነው ፍርሃት የያዘኝ።»

ቁልቁል ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከንፈሯ ጠቁሯል። የካልሲዋ ላስቲክ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷ ውስጥ ሰምጧል።

«ማኅሌት፣ የሚደክምሽ እግርሽን ነው?»

«እግሬን አይደለም።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ ይመታብኛል። ስተኛም ትራስ ካልደራረብኩ ያፍነኛል።»

«ለእማዬ ነግረሻታል?»

«ብስክሌቱን ትከለክለኛለች ብዬ...»

ናስረዲን ሱቁን ዘጋ። ልጅቷን በባጃጅ አሳፍሮ ትምህርት ቤቱ ደረሰና ብርነሽን ከክፍል አስጠራት። «ቲቸር፣ ከብስክሌቱ አይደለም» አላት። «ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

ሐኪሙ የልብ በር ችግር ነው አለ። ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን አሟት፣ መገጣጠሚያዋም አብጦ እንደሆነ እናትየዋን ጠየቃት። ብርነሽ ትዝ አላት። ያለፈው ክረምት የልጅቷ ጉልበቶች አብጠው ነበር፤ እድገት ነው ብላ ቅባት አሽታላታለች። በሽታው ከዚያ የጀመረ ነው ተባለ። ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልጋት ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ እዚያም ተመዝግባ ወረፋ እንድትጠብቅ ተነገራት። መድኃኒት ይዛ፣ በየወሩ መርፌ እየተወጋች ቤቷ ተቀመጠች።

ብስክሌት መንዳት ቀረ። አንዳንድ ቀን ግን እናቷን አስቸግራ ባጃጁን ሱቁ ጋ ታስቆመዋለች፤ ናስረዲን ሲሠራ እያየች አግዳሚው ላይ ትንሽ ትቀመጣለች። ሰኔ ላይ እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ፣ ልቤ ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያውን ጥርስ ይመልሱልኛል? ይሄ በጣም ቀላል ነው። የሕፃን ነው።»

«እመልስልሻለሁ።»

«አልጣሉትም አይደል?»

«አልጣልኩትም» አላት። እውነቱን ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ወረፋው ሳይደርሳት፣ ነሐሴ ላይ ማኅሌት አረፈች።

ናስረዲን ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት አግዳሚ ተሸክሞ ድንኳኑ ድረስ ያመጣል፣ ከዚያም ከወንዶቹ ጀርባ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ብርነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እርስዎ ባይነግሩን ጭራሽ ሳናውቅ ነበር የምትሞትብን» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንዲህ አይበሉኝ» አለ ናስረዲን። «ኅዳር ላይ ማወቅ ነበረብኝ። መስከረም ላይ እየበረረች የወጣች ልጅ ኅዳር ላይ እንዴት ይከብዳታል? እኔ ጥርስ ነው የቆጠርኩት። ባቀለልኩላት ቁጥር በሽታዋን ሸፈንኩት። አራት ወር ወሰድኩባት።»

ብርነሽ «እኔ ሰነፍ ብያታለሁ» አለች። «በክፍል ጓደኞቿ ፊት።»

አንዱ ሌላውን ለማጽናናት አልሞከረም። አስተዛዛኝ እየተነሣ አስተዛዛኝ ሲተካ ሁለቱ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ።

በኋላ ደንበኛው የሆነ አንድ የጤና ባለሙያ አራቱ ወር ባይባክንም ወረፋው ላይደርሳት ይችል እንደነበር ነገረው። ናስረዲን ሰማው፤ ግን አልቀለለውም። ብርነሽ በመስከረም ዝውውር አግኝታ ባሏ ዘንድ ዱራሜ ገባች። ብስክሌቱን ለማን እንደሰጡት ናስረዲን አልጠየቀም።

ዛሬም ይሠራል። ማርሽ አቅልልኝ የሚለው ሲመጣ ግን ዕቃ ከማንሣቱ በፊት ልጁ ራሱ እንዲመጣ ይፈልጋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደከበደው ይጠይቀዋል፣ ዳገቱን በእግሩ አስወጥቶ ትንፋሹን ያያል። የሚቸኩሉ አባቶች ይሰለቻሉ፤ አንዳንዶቹ ብስክሌታቸውን ይዘው ሌላ ጋ ይሄዳሉ። እስካሁን አንድም የታመመ ልጅ አላገኘም። ይህን ሲነግራት ሚስቱ ሃቢባ «አልሐምዱሊላህ በል» ትለዋለች።

ይላል። ከዚያ እጁን ይታጠባል።