የቀርከሃው ጥያቄ

አሶሳ ባለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአጥንት ሕክምና መምህር ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የክፍል ኃላፊው መጀመሪያ ያሳዩኝ የመመረቂያ ጥናቶች የተደረደሩበትን ቁም ሳጥን ነበር።

"ተማሪ ርዕስ ሲቸግረው ከዚህ ስጠው። ቀበሌውን ቀይሮ ይሠራል" አሉኝ። እንደታዘዝኩት አደረግሁ።

በዚህ ዓይነት የእጅ መታጠብ ልማድ ያልተጠናበት ቀበሌ ጠፋ። መጠይቁ በአማርኛ ነው፤ መላሹ ቤቱ የሚያወራው በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ነው። ተማሪዎቹ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ራሳቸው ይሞሉታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እኛ ግን አረሙን አስጠርዘን ቤተ መጻሕፍት እናስገባ ነበር። የምፈርመው እኔ ነኝ።

አንድ ዓመት ሀዋ የምትባል የመንጌ ወረዳ ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ቢሮዬ መጣች። በአካባቢዋ ወጌሻ የተሰበረ እጅ የሚያስረው በቀርከሃ ነው።

"መምህር፣ አንዱ ወጌሻ በማግስቱ ጣት ያያል፣ ካበጠ ይፈታል። ሌላው ሳምንት አይነካም። የማን በሽተኛ እጅ ይበላሻል? ሄጄ ላጥና።"

"ከወጌሻ ምን ጥናት ይገኛል? ኮሚቴ ፊት ልታዋርጂኝ ነው? በጊዜ መመረቅ ከፈለግሽ እጅ መታጠብን ሥሪ።"

ሠራች። ከፍተኛ ውጤት ሰጠኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ያልተጠና ነገር እንዴት እንደሚጠና እኔም አላውቅም ነበር። ይህን ለተማሪ መንገር ሞት መሰለኝ።

ተመርቃ ወደ አገሯ ተመደበች። አንድ ጠዋት በአምቡላንስ አንድ ገበሬ ይዛ መጣች። ወጌሻ ያሰረበትን ቀርከሃ ራሷ ፈትታዋለች፤ ጣቶቹ ግን ጠቁረው ነበር። ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጥን። ሰውየው ሲነቃ በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"ማሽላዬን በምን ላጭድ ነው የሚለው" አለችኝ ሀዋ።

ኮሪደር ላይ "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት።

"ወላሂ መምህር፣ እኔም ጥፋት አለኝ። ጥናት ማለት እርስዎ የሚፈርሙት ብቻ መሰለኝ፣ ዝም አልኩ።"

ያን ጊዜ ብታጠናው የሰውየው እጅ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። የሚያንገበግበኝም ይኸው አለማወቄ ነው።

ዘንድሮ ጡረታ እወጣለሁ። ለወጣት መምህራን የምለው አጭር ነው፦ ተማሪ የማታውቁትን ከጠየቃችሁ "አላውቅም" በሉት፤ ከዚያ አብራችሁት ሂዱ።