ይበልጣል ጀርባዬ ላይ ዝም ያለ ቀን

ልጅ እያለሁ ከሁሉ አብልጬ የምቀናው ልጅ በማታዝል ልጅ ነበር። ጓደኞቼ ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ታናሽ ወንድሜን ይበልጣልን አዝዬ ዳር እቆማለሁ። ተራዬ ደርሶ ከነልጁ ስዘል ጭንቅላቱ ከማጅራቴ ጋር ይጋጫል፤ እናቴም ከጓሮ ሆና «አንቺ! አንገቱን ልትሰብሪው ነው?» እያለች ትጮህብኛለች።

አንቀልባችን የበግ ቆዳ ነው። ቅቤ እየጠጣ ለስልሷል፤ ወተት ወተትም፣ ሽንት ሽንትም ይላል። እናቴ ልጁን ከኋላ ደግፋ ታሳዝለኝና ጠፍሮቹን ደረቴ ላይ አመሳቅላ ታስርልኛለች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ማዘል እንጂ ብቻዬን መፍታትም ሆነ መልሶ ማሰር አልችልም።

አንድ የክረምት ቀን እናቴ እህል ልታስፈጭ በጠዋት ከወንዙ ማዶ ወዳለችው አምበር ከተማ ወረደች። አባቴ ሩቅ ማሳ እያረሰ ነበር። «ጠግቦ ነው የተኛ፤ ሳይርበው እደርሳለሁ» ብላኛለች። እኩለ ቀን ሲሆን በላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነጎደ፤ እኛ ዘንድ ግን ጠብ አላለም። የአምስት ወሩ ይበልጣል ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ውሃ በጣቴ ባቀምሰው ተፋው። ጎረቤታችን አሮጊት መጥተው ቢያባብሉት እንቢ አለ። መጨረሻ ላይ «እናቱ ይሄኔ መንገድ ላይ ናት፤ ሄደሽ ተቀበያት» ብለው አሳዘሉኝ።

ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። እግሬ በጭቃው እየተንሸራተተ፣ እሱ ጆሮዬ ስር እየጮኸ፣ እኔም እሹሩሩ እያልኩ አብሬው እያለቀስኩ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት ዝም አለ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ወድቆ ከእርምጃዬ ጋር ሲወዛወዝ ተሰማኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እግሩን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ቆነጠጥኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱን እንዳላይ ጀርባዬ ላይ ነው። ልፍታው ብል ድንጋይ ላይ ሊወድቅብኝ ነው። መቀመጥም መሄድም አቅቶኝ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ «እማ!» እያልኩ ጮህኩ።

ከኋላዬ አህያ እየነዳች አንዲት ሴት ደረሰች። ዘይነባ ትባላለች። አምበር ላይ ሱቅ አላት፤ በየመንደሩ እየዞረች እንቁላል ስትሰበስብ በመልክ አውቃታለሁ። እሷም የራሷን ልጅ አዝላለች።

«ምን ሆነሽ ነው እታለም?»

«ወንድሜ ሞተብኝ!»

ይበልጣልን በአንድ እጇ ደግፋ ጠፍሩን ፈታችና ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠጋች። እስከዛሬ እንደዚያ የረዘመብኝ ጊዜ የለም።

«አለ። ደክሞት ነው። መቼ ነው የጠባው?»

«ጠዋት።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የራሷን ልጅ አውርዳ እኔን አስታቀፈችኝና ለይበልጣል ጡቷን ሰጠችው። አልያዘም። ወተቷን ከንፈሩ ላይ ጠብ እያደረገች «ቢስሚላህ… እንካ አባቴ፣ እንካ ጌታዬ» አለችው። ያዘ። ሲውጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። እቅፌ ያለው ልጇ በቅናት ሲያለቅስ «አንተ ዝም በል፣ ስትጠባ ነው የዋልከው» ብላ ሳቀች።

ይበልጣልን መልሳ አሳዝላኝ ወንዙ ጋ ስንደርስ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጋልባል። እናቴ ማዶ ናት፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ውሃው ውስጥ ልትገባ ስትል ነበር የያዟት። አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ እንጂ ድምጿ አይሰማም። ዘይነባ ይበልጣልን ከአንቀልባው አውጥታ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው። እግሮቹን አወራጨ። እናቴ ያን ስታይ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

አመሻሽ ላይ ውሃው ሲጎድል ተሻገረች። ልጇን እንኳ ሳትቀበል የዘይነባን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ዘይነባ ክንዷን ያዘቻት። «ተይ እንጂ! አንቺስ ብትሆኚ ታልፊው ነበር?» አለቻት። ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞራ ጠፍሩ ሰንበር ያወጣበትን ትከሻዬን ገልጣ አየችና ሳመችው።

በኋላ መንደር ውስጥ «የክርስቲያን ልጅ የእስላም ጡት ጠባ» ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። እናቴ «ወተት ነው የጠባው» ብላ ከመለሰች ወዲህ ግን ነገሩን ያነሳባት የለም።

አሁን ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤ ባጃጅ በአንድ አፍታ ያሻግራል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሕፃን አዝላ አታውቅም፤ እንድታዝልም አልፈልግም። ግን ዛሬ ሰው ከሰላምታው አስቀድሞ የማን ወገን እንደሆንክ ሲጠይቅህ ሳይ ያ ቁልቁለት ይናፍቀኛል።

ይበልጣል ደብረ ማርቆስ መምህር ነው። እናቴ አርጅታለች፤ ረመዳን ሲገባ ግን «ለእህቴ ተምር አድርሽልኝ» ብላ መደወሏን አትተውም። ይዤ ስሄድ ዘይነባ ገና ከደጅ ስታየኝ «ልጄስ? ልጄ ደህና ነው?» ትለኛለች። አምስት ወልዳለች፤ አምስቱም እዚያው አምበር፣ አጠገቧ ናቸው። እሷ የምትጠይቀኝ ስለ ይበልጣል ነው።