ወደ ሳን ሆዜ፣ አንድ ምዕራፍ ጎድሎ

ቅዳሜ፣ ጠዋት 6:10 በአሜሪካ ሰዓት፣ ኦክላንድ

ጉም አላሜዳን ውጧታል። ደሴቲቱ በነበረችበት ቦታ ጥቂት መብራቶች ብቻ ተንጠልጥለዋል፤ የወደቡ ክሬኖች አንገታቸው እንጂ እግራቸው አይታይም። ገና ሕልሜ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን እኔንና የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጄን ሊያን በታክሲያቸው ወደ ባቡር ጣቢያ እያደረሱን ነው።

ሳን ሆዜ የወጣቶች ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ስብሰባ አለ። ከአንዲት የደራስያን ወኪል ጋር አሥር ደቂቃ ተይዞልኛል። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ያለ ወኪል የመጣ ረቂቅ አይከፍቱም፤ አረጋውያን እየተንከባከብኩ በእረፍት ሰዓቴ ሦስት ዓመት የጻፍኩት መጽሐፍ ዕድሉ በእሷ እጅ ነው።

«ያንን የጠብ ምዕራፍ አወጣሽው?» አሉኝ ጋሽ መኮንን። ረቂቁን ካነበቡ ጀምሮ ከንክኗቸዋል።

«አዎ ጋሼ፣ ዲሊት አድርጌዋለሁ።»

«ተባረኪ። ልጅ እናቷን እንደዚያ ስትናገር ለሰው አይታይም።»

ታላቅ ናቸው፣ ምን እላለሁ። ሊያ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

7:25፣ ዩኒየን ሲቲ

ጉሙ ሳስቷል። የሎሚ ዛፍ ያላቸው ጓሮዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ። እኔ ግን የማየው የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው፤ የእኔ መጽሐፍ እዚያ ቆሟል፣ እንደ ሰሞኑ ፋሽን የገጾቹ ጠርዝ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ ሊያ። ለካ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

10:00፣ ሳን ሆዜ

ቡና ስድስት ዶላር፣ ኬኩ ደረቅ። መድረኩ ላይ ያሉት ስለ ገበያው ያወራሉ። ዘንዶና ፍቅር የተቀላቀለበት ታሪክ አሁንም ይፈለጋል፤ አጠር ያለ መጽሐፍ ይመረጣል፤ የወጣቶችን መጽሐፍ አዋቂዎች እየገዙት የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ተረስተዋል። ሁሉንም ጻፍኩ። ሊያ ሦስተኛው ላይ ራሷን ነቀነቀች።

11:20

ወኪሏ ሽበታም ናት፤ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃለች። የሰጠኋትን የመጀመሪያ ገጾች አነበበችና፣ «የመጽሐፍሽ ልጅ በጣም ጨዋ ናት» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «የምትቆጣው የት ነው? ታዳጊዎች እንዲህ ዓይነቷን አያምኗትም።»

መልሱን የሰጠችው አጠገቤ የተቀመጠችው ሊያ ናት፤ «ምዕራፉ ነበረ፣ እናቴ አወጣችው።»

«እሱን ሳላይ አልወስንም» አለች ወኪሏ።

እንደጠፋ ልናገር ስል ሊያ ስልኳን አወጣች። ስፔሊንግ እንድታይልኝ ምዕራፉን ድሮ ልኬላት ነበር።

«እስካሁን ለምን አስቀመጥሽው?»

«ስንጣላ አነበዋለሁ» አለችኝ በአማርኛ።

«ላኪላት» አልኩ።

1:30፣ የመልስ ባቡር

ወኪሏ እዚያው ቆማ አንብባ ሙሉውን ረቂቅ ጠይቃኛለች። ደስታው ግን ገና አልተሰማኝም። በሊያ ስልክ ላይ ምዕራፉን እያነበብኩ ነው። ልጅቷ እናቷን፣ «ስለ እኔ ለሰው ሁሉ ታወሪያለሽ፤ እኔን ግን ምን እንደምፈልግ ጠይቀሽኝ አታውቂም» ትላታለች። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን መለስኩላት። አፈርኩ። ከዚያ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት።

ኦክላንድ ደርሰን ከባቡሩ ስንወርድም ገና ነግራኝ አልጨረሰችም ነበር።