የመርከበኛው ፊልም መጨረሻ

ጋሽ አሻግሬ ደሴ ላይ ሃያ ዓመት ሲኒማ አጫውተዋል። ዛሬ ዳላስ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፤ እሑድ እሑድ ግን ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው የሐበሻ ካፌ ውስጥ የእንግሊዝ ፊልም ዳኛ ናቸው። የለንደን ሰው ቢመጣ እንኳ እሳቸውን አስፈቅዶ ነው የሚናገረው።

«ከሁሉም የሚበልጠው የመርከበኛው ፊልም ነው» ይላሉ። «መቶ ጊዜ አሳይቼዋለሁ። ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ በመጨረሻ እናቱ ዘንድ ይመለሳል።»

የሰላይ ፊልም ወዳዱ ባለታክሲ አንዷለም፣ በ2009 አንድ እሑድ የመርከበኛውን ፊልም ዲቪዲ ከነላፕቶፑ ይዞ ከተፍ አለ። «ሶ፣ ጋሽዬ፣ ዛሬ ፍርድዎን ቼክ እናደርጋለን!» አለና መጨረሻውን ከፈተው።

መርከበኛው ሰጠመ። እናቱ ወደቡ ላይ ብቻዋን ቀረች። ፊልሙም አለቀ።

ካፌው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። «መቶ ጊዜ አሳይተው መጨረሻውን አያውቁትም?»

ጋሽ አሻግሬ ከጠቆረው ስክሪን ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ሲሄድ እኔ የፊተኞቹን ለሚቀጥለው ተመልካች መልሼ አጠነጥናለሁ፤ አላይም። መጨረሻውን የነገረችኝ ትኬት ቆራጯ ባለቤቴ የሺሐረግ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ያን ጊዜ ወንድሜ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖት ነበር።»

የሳቀው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዷለም ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው። «ይቅርታ ጋሽዬ። ተመለሱ ወንድምዎ?»

«አልተመለሰም።» ኮታቸውን አነሡ። «ፍርዱ ግን ያው ነው። የሚበልጠው እሷ የነገረችኝ ነው።»