የብርድ ልብሱ ሌላኛው ጫፍ

ዛሬ ከጎረቤቴ ከአደ ጫልቱ ጋር ሆነን አንድ ብርድ ልብስ መጭመቅ አቃተን።

ቡራዩ ላይ ውሃ ስትመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ይቀራል። እኔም ነብር ያለበትን ትልቁን ብርድ ልብስ ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ እየረገጥኩ ሳጥብ አረፈድኩ። (ጂም የምትሄዱ ሰዎች፣ ኑ እኛ ጋ ብርድ ልብስ ርገጡ።)

መርገጡን ብቻዬን ቻልኩት። መጭመቁ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አደ ጫልቱ አዩኝና መጥተው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

ብንጠመዝዘው ብንጠመዝዘው ብርድ ልብሱ አብሮን ይዞራል እንጂ ውሃው አይወጣም።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ ልጄ? ወዴት ነው የምትጠመዝዢው?» አሉኝ እየሳቁ።

ለካ ፊት ለፊት ቆመን እሳቸው ወደ ቀኛቸው፣ እኔ ወደ ግራዬ ስንጠመዝዝ፣ ሁለታችንም ወደ አንድ ወገን ነበር የምናዞረው።

እህቴ ሰሚራ ግራኝ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ ሌላውን ጫፍ የምትይዘው እሷ ስለነበረች፣ እጄ የለመደው የሷን የግራ አዟዟር ነው። ዱባይ ለሥራ ከሄደች ወዲህ ይህን ብርድ ልብስ ሳላጥበው የከረምኩት ውሃ ጠፍቶ ብቻ አልነበረም።

አቅጣጫ ቀየርኩና ጨመቅነው። ገመዱ ላይ ካሰጣሁት በኋላ ለሰሚራ የሆነውን በድምፅ ላኩላት።

«እዚህ እኮ ማሽኑ ነው የሚጨምቀው» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ደግሞ ሌላ ድምፅ ላከች።

«ወደ ቀኝ መጭመቅ እንዳትለምጂ፣ እሺ?»

እናንተ ቤት ሌላኛውን ጫፍ ይይዝ የነበረው ማን ነው? አሁንስ የት ነው ያለው?